ከቫያዶሊድ ሜዳ እስከ ዳስማን ደጃፍ፦ የሼኽ ፈሃድ አል-አህመድ ሕይወት

ባያን በሐወሊ አስተዳደር ክልል ውስጥ የምትገኝ ጸጥ ያለች የመኖሪያ ሰፈር ናት። ስሟ ከኩዌት ውጭ የሚታወቀው በስሟ በሚጠራው ቤተ መንግሥት ነው፤ የእስልምና አገራት መሪዎች በጃንዋሪ 1987 አምስተኛውን ጉባኤያቸውን ያካሄዱት በዚያ ነበር። ከባያን ተነሥቶ ወደ ከተማው፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻና ወደ ኩዌት ማማዎች የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ቤተ መንግሥት አጠገብ ይደርሳል። እርሱም ዳስማን ይባላል። በሥራ ምክንያት በዚህ መንገድ የሚመላለሱ በርካታ የአገራችን ልጆች የዳስማንን አጥር በየዕለቱ ያያሉ። ከሰላሳ ዓመታት በፊት በዚያ ደጃፍ ላይ ስለወደቀው ሰው ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ሰውየው ሼኽ ፈሃድ አል-አህመድ አል-ጃቢር አል-ሰባህ ናቸው። የእግር ኳስን ታሪክ የሚከታተል የውጭው ዓለም እኚህን ሰው የሚያስታውሳቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ከክቡር ትሪቡን ወርደው፣ ሜዳ ውስጥ ገብተው፣ የጸደቀ ግብ ያሻሩ ሰው ተብለው። ኩዌታውያን ደግሞ የሚያስታውሷቸው በሌላ ነገር ነው፤ አገራቸው በተወረረችበት ሌሊት ወደ ተኩሱ የሄዱ ሰው ተብለው። በእኛ የዘመን አቆጣጠር ሲታይ አንድ አስገራሚ ግጥጥሞሽ አለ። የዓለም ዋንጫው የተካሄደው እንደ አውሮፓውያን በ1982 ሲሆን፣ ሼኹ የሞቱት ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 26 ቀን 1982 ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ 1982ቶች መካከል የነበረውን ሰው ያስታውሳል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሼኽ ፈሃድ የተወለዱት ኦገስት 10 ቀን 1945 ነው። በአገራችን ሼኽ የሚለው መጠሪያ በዲን ዕውቀት የላቀን ሰው ያመለክታል፤ በኩዌት ግን የገዢው ቤተሰብ አባላት ማዕረግም ጭምር ነው። አባታቸው ሼኽ አህመድ አል-ጃቢር ከ1921 ጀምሮ ኩዌትን ያስተዳደሩ ነበሩ። ልጁ ሲወለዱ ኩዌት በዕንቁ ጠላቂዎችና በመርከብ ነጋዴዎች የምትታወቅ፣ በጭቃ ግንብ የታጠረች የወደብ ከተማ ነበረች። የመጀመሪያው የነዳጅ ዘይት ጭነት ከባሕር ዳርቻዋ የተነሣው ገና በሚቀጥለው ዓመት፣ በጁን 1946 ነው። አባትየው በጃንዋሪ 1950 ሲያርፉ ፈሃድ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ስለዚህ ያደጉት በአባት ጥላ ሥር ሳይሆን በታላላቅ ወንድሞች መካከል ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ በአባት የሚገናኟቸው ሼኽ ጃቢር አል-አህመድ፣ በ1977 መጨረሻ የአገሪቱ አሚር ሆኑ።

በወጣትነታቸው የመረጡት መንገድ የወታደርነት ነበር። የፍልስጤም ጉዳይ የዓረቡን ዓለም ወጣት በሙሉ ባነሣሣበት በ1960ዎቹ፣ ከገዢ ቤተሰብ የተወለዱት መኮንን ከፍልስጤም ታጋዮች ጎን ተሰልፈዋል። ለልዑል ልጅ ቀላሉ ነገር ገንዘብ መላክና ንግግር ማድረግ ነበር። እርሳቸው ግን ራሳቸው መሄድን መረጡ። ይህ ጠባይ በሕይወታቸው ሦስት ጊዜ ጎልቶ ይታያል፤ በወጣትነታቸው በትግል ሜዳ፣ በጎልማሳነታቸው በኳስ ሜዳ፣ በመጨረሻም በወንድማቸው ደጃፍ። ሰው መላክ አይሆንላቸውም ነበር።

ወደ ስፖርቱ የገቡት በዚሁ ጠባይ ነው። በኩዌት በየሰፈሩ ክለቦች ተመሥርተው ነበር። ከባያን ብዙም በማይርቀው በሐወሊ የሚገኘው የቃድሲያ ክለብ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ሼኽ ፈሃድ በ1970ዎቹ ይህንን ክለብ በፕሬዝዳንትነት መርተዋል። ቀጥሎም የአገሪቱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽንና የኦሎምፒክ ኮሚቴ አመራር በእጃቸው ገባ። የእስያ እጅ ኳስ ፌዴሬሽንም የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት እርሳቸው ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የኩዌት ብሔራዊ ቡድን በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ተወዳዳሪ አልነበረውም። በ1970 በባሕሬን የተጀመረውን የባሕረ ሰላጤ ዋንጫ ለመጀመሪያዎቹ አራት ጊዜያት በተከታታይ ያነሣው ኩዌት ነው። ከቀጣናው ወጥቶ ለመፎካከር ግን የተሻለ ዕውቀት ያስፈልግ ነበር። ለዚህም በተጫዋችነት ሁለት ጊዜ፣ በአሰልጣኝነት አንድ ጊዜ የዓለም ዋንጫን ያነሣው ብራዚላዊው ማሪዮ ዛጋሎ መጣ። በእርሱ ዘመን፣ በ1976፣ ቡድኑ ለእስያ ዋንጫ ፍፃሜ ደርሶ በቴህራን በኢራን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ዛጋሎ ሲሄድ አብሮት የሠራው ካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራ ቦታውን ተረከበ። በኋላ በ1994 ብራዚልን ለዓለም ሻምፒዮንነት ያበቃው ይኸው ፓሬራ ነው፤ በዓለም ዋንጫ መድረክ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው ግን የኩዌትን ቡድን ይዞ ነበር።

የቡድኑ ታላቅ ዘመን የጀመረው በ1980 ነው። በሞስኮው ኦሎምፒክ ሩብ ፍፃሜ ደርሶ በአስተናጋጇ በሶቪየት ኅብረት 2 ለ 1 ተሸንፎ ተመለሰ። በሴፕቴምበር ደግሞ ኩዌት ራሷ የእስያን ዋንጫ አስተናገደች። በምድብ ጨዋታ ደቡብ ኮሪያ ኩዌትን 3 ለ 0 ስታሸንፍ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ነበር። ውድድሩ ገና ሳያልቅ፣ ሴፕቴምበር 22፣ በኢራቅና በኢራን መካከል ጦርነት ፈነዳ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩዌት በግማሽ ፍፃሜ የገጠመችው ኢራንን ነበር፤ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሴፕቴምበር 30 በተደረገው የፍፃሜ ጨዋታ ዳግም ከደቡብ ኮሪያ ጋር ተገናኝታ የተቆጠሩባትን ሦስት ግቦች በሦስት ግቦች መለሰች። አምበሉ ሰዓድ አል-ሑጢ አንድ፣ ፈይሰል አል-ደኺል ሁለት አስቆጠሩ። ኩዌት የእስያን ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ የዓረብ አገር ሆነች።

ቀጣዩ ዓላማ ስፔን ነበር። የ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ከ16 ወደ 24 ቡድኖች ያደገ ቢሆንም፣ ለእስያና ለኦሽንያ በአንድነት የተሰጠው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። በመጨረሻው የማጣሪያ ምድብ ኩዌት ከኒውዚላንድ፣ ከቻይናና ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ተደለደለች። በቤጂንግ በቻይና 3 ለ 0 ብትሸነፍም፣ በኦክላንድ ኒውዚላንድን 2 ለ 1 ረትታ ወጣች። በመጨረሻም ምድቡን በአንደኝነት አጠናቀቀች። በዚያን ጊዜ ሕዝቧ፣ የውጭ አገር ነዋሪዎችን ጨምሮ፣ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የማይበልጠው ትንሽ አገር ከእስያ ዓረብ አገራት ለዓለም ዋንጫ የደረሰች የመጀመሪያዋ ለመሆን በቃች።

ወደ ስፔን የሄዱት ተጫዋቾች እንደ አውሮፓውያኑ በኳስ ብቻ የሚተዳደሩ ፕሮፌሽናሎች አልነበሩም። ከቃድሲያ ክለብ ጃሲም ያዕቁብና ፈይሰል አል-ደኺል ነበሩ። ግብ ጠባቂው በሊባኖስ የተወለደው አህመድ አል-ጠራቡልሲ ነበር፤ ይህ ሰው እስካሁን በዓረቡ ዓለም የሚታወቀው በግብ ጠባቂነቱ ብቻ ሳይሆን ቁርኣንን አሳምሮ በመቅራቱም ነው። የቡድኑ ምልክት ግመል ነበር። የአውሮፓ ጋዜጦች ስለ ነዳጅ ሀብትና ስለ ግመል ብዙ ጻፉ፤ ስለ ኳሱ ግን ጥቂት ጻፉ።

ጁን 17 ቀን በቫያዶሊድ ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር የተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ይህን አመለካከት አናወጠው። ፓኔንካ በፍፁም ቅጣት ምት ቀድሞ ቢያስቆጥርም፣ ፈይሰል አል-ደኺል ከዕረፍት በኋላ ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገ። ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። የሁለት ዓለም ዋንጫዎች ፍፃሜ የደረሰችን አገር አዲስ መጪዋ ኩዌት አቻ ማውጣቷ ትልቅ ዜና ሆነ። ከአራት ቀናት በኋላ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ዜና ተፈጠረ።

ጁን 21 ቀን በቫያዶሊድ ከተማ ኩዌት ከፈረንሳይ ጋር ገጠመች። የፈረንሳይ የመሐል ክፍል በፕላቲኒ፣ በዢሬስና በዤንጊኒ የተዋቀረ ነበር፤ ከዕረፍት መልስ ወዲያውኑ ውጤቱ 3 ለ 0 ሆነ። በ75ኛው ደቂቃ አብዱላህ አል-ቡሉሺ ለኩዌት አንድ ግብ መለሰ። ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ፈረንሳዮች ኳስ ይዘው ሲገፉ ከተመልካቹ መካከል ፊሽካ ተሰማ። የኩዌት ተከላካዮች ዳኛው የነፋ መስሏቸው ቆሙ። ዢሬስ ግን አልቆመም፤ ኳሷን ከመረብ አገናኛት። ሶቪየታዊው ዳኛ ሚሮስላቭ ስቱፓር ግቡን አጸደቀ።

የኩዌት ተጫዋቾች ዳኛውን ከበቡት። ሼኽ ፈሃድ ከክቡር ትሪቡን ተነሥተው በእጃቸው ምልክት ይሰጡ ጀመር። ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳው ጠርዝ ሲሄዱ በስታዲየሙ የነበረ ሁሉ ቡድኑ ጨዋታውን ጥሎ ሊወጣ ነው ብሎ አሰበ። ሼኹ በኋላ የእጃቸው ምልክት በተሳሳተ መንገድ እንደተተረጎመ አስረድተዋል። ያም ሆነ ይህ በምልክት አልተወሰኑም፤ ባህላዊ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ሜዳ ወርደው ከዳኛው ጋር ተነጋገሩ። ጨዋታው ለደቂቃዎች ተቋረጠ። ከዚያም ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ ዳኛው ያጸደቀውን ግብ ሻረ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ፈረንሳዮች ተቆጡ፤ አሰልጣኛቸው ሚሼል ኢዳልጎ ወደ ሜዳ ለመግባት ሲሞክር ፖሊሶች ያዙት። ጨዋታው ቀጥሎ ቦሲስ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አራተኛውን ግብ አስቆጠረ፤ ውጤቱም 4 ለ 1 ሆነ።

ይህን ድርጊት በሚዛን ማየት ያስፈልጋል። የኩዌት ተጫዋቾች ቅሬታ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ የውጭ ሰው የነፋው ፊሽካ በእርግጥ አታልሏቸዋል። በሌላ በኩል ግን ተጫዋች የዳኛው ውሳኔ እስኪታወቅ መጫወቱን እንዳያቆም ገና ከልጅነቱ ይማራል። ከሁሉም በላይ፣ የፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ከክቡር ትሪቡን ወርዶ ከዳኛ ጋር የሚከራከርበት ሕግ በየትም አገር የለም። ዳኛ ለትልቅ ሰው ብሎ ውሳኔውን ከለወጠ፣ ትልቅ ሰው የሌለው ቡድን በማን ይጠበቃል? ፊፋ በኩዌት ፌዴሬሽን ላይ የገንዘብ ቅጣት ጣለ። ስቱፓርም ከዚያ ወዲያ በዓለም አቀፍ ጨዋታ ላይ አልታየም። የሚያሳዝነው ደግሞ የተሻረችው ግብ ምንም አለመለወጧ ነው። ግቡ ቢጸድቅም ባይጸድቅም ፈረንሳይ ማሸነፏ፣ ኩዌትም መሸነፏ አይቀርም ነበር። ኩዌት ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው የመጨረሻ ጨዋታ በትሬቨር ፍራንሲስ ግብ 1 ለ 0 ተሸንፋ በአንድ ነጥብ ተሰናበተች።

በዚያው ዓለም ዋንጫ ሌላ ሙስሊም አገርም በደል ደርሶባት ነበር። አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን አስገርማለች። ኩዌት ከእንግሊዝ ጋር በተጫወተችበት በዚያው ቀን፣ ጁን 25፣ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በኺኾን ከተማ ተገናኙ። አልጄሪያ ጨዋታዎቿን ከአንድ ቀን በፊት ጨርሳ ስለነበር ሁለቱ የሚያሳልፋቸውን ውጤት አስቀድመው ያውቁ ነበር። ጀርመን ገና በጠዋቱ አንድ ግብ አገባች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ኳሷን ወዲያና ወዲህ እያንሸራሸሩ ሰዓቱን ፈጁት። አልጄሪያም ተሰናበተች። አልጄሪያውያን አቤቱታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ፤ ለጊዜው ተቀባይነት አላገኘም። ከሚቀጥለው ዓለም ዋንጫ ጀምሮ ግን የአንድ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲካሄዱ ተደረገ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ይሠራበታል። በቁጣ የተጠየቀው ወዲያውኑ ተሰጠ፤ ግን የጠቀመው ማንንም አልነበረም። በትዕግሥት የተጠየቀው ለጠያቂው አልደረሰም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ግን ሕግ ሆነ።

ሼኽ ፈሃድ ራሳቸው ይህን ትምህርት ሳይማሩ አልቀሩም ብሎ ለማሰብ የሚያስችል ማስረጃ አለ። በዚያው ዓመት ያከናወኑት ትልቁ ሥራቸው በጩኸት ሳይሆን በስብሰባ አዳራሽ የተሠራ ነው። የእስያ ጨዋታዎች ከ1949 ጀምሮ የሚመሩት የእስያ ጨዋታዎች ፌዴሬሽን በተባለ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ቋሚ ጽሕፈት ቤትም ሆነ በቂ ገንዘብ አልነበረውም። ሼኽ ፈሃድ ይህ ማኅበር በጠንካራ ተቋም እንዲተካ ከአገር አገር እየዞሩ መሪዎችን አሳመኑ። በዲሴምበር 1982 በኒው ዴልሂ የእስያ ኦሎምፒክ ምክር ቤት ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ። የምክር ቤቱ መቀመጫ ኩዌት ሆነ። በቀድሞው ማኅበር አባል የነበረችው እስራኤል በአዲሱ ምክር ቤት ውስጥ አልተካተተችም። ይህም በወጣትነታቸው በጠመንጃ የተሰለፉለትን ጉዳይ በጎልማሳነታቸው በድምፅ አሰጣጥ እንደቀጠሉት ያሳያል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ሌላ ሰው ማስታወሱ አይቀርም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ 1987 ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መርተዋል፤ እንደ ሼኽ ፈሃድ ሁሉ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። ይድነቃቸው የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ ስፖርት እንድትገለል በጽናት ቆመዋል፤ ለአፍሪካ ተጨማሪ የዓለም ዋንጫ ቦታ እንዲሰጥም ታግለዋል። አንዱ የቤተ መንግሥት ልጅ፣ ሌላው የሕዝብ ልጅ ይሁኑ እንጂ፣ ሁለቱም ስፖርት የትልልቆቹ አገራት ብቻ ርስት መሆኑን አልተቀበሉም። ልዩነታቸው በአካሄዳቸው ነው። ይድነቃቸው በደንብና በሥርዓት የሚከራከሩ ሰው ነበሩ፤ ፈሃድ ግን ልባቸው ከእግራቸው ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነበሩ።

1980ዎቹ ለኩዌት ስፖርት መልካም ዓመታት ነበሩ። በ1982 እና በ1986 የባሕረ ሰላጤው ዋንጫ ዳግም ወደ ኩዌት ተመለሰ። በ1990 መጀመሪያ ውድድሩ በኩዌት ራሷ ተካሄደ፤ ኩዌትም ሰባተኛ ዋንጫዋን አነሣች። በዚያ ውድድር ላይ የኢራቅ ቡድን በዳኝነት ቅሬታ ምክንያት አቋርጦ ወጣ። ያኔ ነገሩ የኳስ ጠብ ብቻ ይመስል ነበር። ኩዌት ኢራቅ ከኢራን ጋር በተዋጋችባቸው ስምንት ዓመታት ብድር ስትሰጣት ቆይታለች፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ብድሩ፣ የነዳጅ ዋጋና የድንበሩ ጉዳይ ሁለቱን ጎረቤቶች አቃቃራቸው። ወራት ሳይቆጠሩ ቂሙ በታንክ ተገለጠ።

ኦገስት 2 ቀን 1990፣ ሐሙስ፣ ሙሐረም 11 ቀን 1411 ሒጅራ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የኢራቅ ጦር ድንበሩን ጥሶ ገባ። ከንጋት በፊት ወታደሮቹ ከዋና ከተማዋ ደረሱ፤ ዋና ዒላማቸው የአሚሩ መኖሪያ የነበረው የዳስማን ቤተ መንግሥት ነበር። አሚር ጃቢር በወቅቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ አቅንተው ነበር። መንግሥቱ በስደትም ቢሆን እንዲቀጥል ይህ አስፈላጊ ነበር። በዳስማን የቀሩት ጠባቂዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከታንክና ከሄሊኮፕተር ጋር እየተዋጉ ነበር።

ሼኽ ፈሃድ በዚያች ሰዓት የትም መሄድ ይችሉ ነበር። የደቡቡ መንገድ ገና ክፍት ነበር፤ በርካታ የቤተሰቡ አባላትም በዚያ መንገድ ወጥተዋል። በዓለም ዙሪያ የሚያውቋቸው የስፖርት መሪዎች ብዙ ስለነበሩ በውጭ ሆነው ለአገራቸው ድምፅ ቢሆኑ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ዳስማን ሄዱ። ስለ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚነገረው ዝርዝር ከተራኪ ተራኪ ይለያያል። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ወደ ወንድማቸው ቤተ መንግሥት በራሳቸው ፈቃድ መሄዳቸውና በደጃፉ በኢራቅ ወታደሮች ጥይት መገደላቸው ነው። አርባ አምስት ዓመት ሊሞላቸው የቀሩት ስምንት ቀናት ብቻ ነበሩ።

ኩዌት ለሰባት ወራት ያህል በወረራ ሥር ቆየች። በሴፕቴምበር የእስያ ጨዋታዎች በቤጂንግ ሲከፈቱ ሼኽ ፈሃድ የመሠረቱት ምክር ቤት ያለ መሪው ተሰበሰበ፤ ኢራቅም ከውድድሩ እንድትታገድ ወሰነ። የኩዌት ልዑክ አገሩ በሌላ እጅ እያለች ሰንደቅ ዓላማውን ይዞ በቤጂንግ ተገኘ። በፌብሩዋሪ 1991 መጨረሻ ኩዌት ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት ልጃቸው ሼኽ አህመድ አል-ፈሃድ የአባታቸውን ወንበር በእስያ ኦሎምፒክ ምክር ቤት ተረከቡ። በአህመዲ አስተዳደር ክልል የሚገኝ አንድ የመኖሪያ ሰፈርም በሸሂዱ ስም ፈሃድ አል-አህመድ ተብሎ ይጠራል። በአውቶቡስ ወይም በታክሲ በዚያ የሚያልፉ ወገኖቻችን ስሙን በመንገድ ምልክት ላይ ማንበባቸው አይቀርም።

ታዲያ ይህን ሰው በየትኛው ድርጊታቸው እንመዝናቸው? የቫያዶሊዱ ምስል እስከ ዛሬ በየአራት ዓመቱ ዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ይታያል፤ ተመልካቹም ይስቃል። የዳስማኑን ግን የቀረጸው ካሜራ የለም። ዘመናችን ደግሞ በካሜራ ያልተያዘውን ነገር እንዳልተደረገ የመቁጠር ልማድ አለው። የሰውን ልጅ በአንዲት የቁጣ ደቂቃ ብቻ የሚያስታውስ ሰው የቀረውን ዕድሜ ይዘርፈዋል። በአንዲት የጀግንነት ደቂቃ ስህተቱን ሁሉ የሚፍቅለትም ቢሆን እውነቱን አልነገረም።

በእርግጥ ሁለቱ ደቂቃዎች የአንድ ሰው ናቸው፤ ምንጫቸውም አንድ ነው። በቫያዶሊድ ወደ ሜዳ ያወረዳቸውና በዳስማን ወደ ተኩሱ ያስኬዳቸው ያው የእኔ ወገኖች ተነኩ የሚል ስሜት ነው። በመጀመሪያው ቦታ ያ ስሜት ከሕግ በላይ ስለወጣ ጎዳቸው፤ ለሚወዱት ቡድንም መሳለቂያ አተረፈለት። በሁለተኛው ቦታ ግን በሕግ የሚዳኝ አካል አልነበረም፤ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛም፣ ቅጣት የሚጥል ፊፋም አልነበረም። የቀረው የቤት ደጃፍና የወንድም ክብር ብቻ ነበር። በዚያ ቦታ ያው ጠባይ ስሙ ተለውጦ ጀግንነት ሆነ። ጠባይ በራሱ ክፉ ወይም ደግ አይደለም፤ የሚለየው የሚውልበት ቦታ ነው።

ለእኛ፣ በሰው አገር ለምንኖር፣ ይህ ታሪክ ከኳስ ያለፈ ትርጉም አለው። በደል ሲደርስብን ከክቡር ትሪቡን ወርዶ የሚከራከርልን ትልቅ ሰው የለንም። ስለዚህ የእኛ መንገድ የአልጄሪያውያን መንገድ ነው፤ ነገርን በወቅቱ፣ በጽሑፍና በሥርዓት ማቅረብ፣ ዛሬ ባይሰማም ለነገ ሕግ እንዲሆን መታገሥ። ያ ማለት ግን ልብ ይሙት ማለት አይደለም። ጎረቤት ሲነካ፣ ቤት ሲደፈር፣ ደካማ ሲገፋ ሰው ልኮ ራስን ማዳን የማይሆንላቸው ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሼኽ ፈሃድ እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ።

ከባያን ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚወስደው መንገድ ዛሬም በመኪና የተጨናነቀ ነው። በዳስማን አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ የራሱ ጉዳይ አለው። ከመካከላችን በዚያ የሚያልፍ ቢኖር፣ በኳስ ሜዳ የተሳሳቱትን፣ በደጃፍ ግን ያልሸሹትን ሰው ለአፍታ ያስታውስ፤ አላህ ይዘንላቸው ዘንድም ዱዓ ያድርግ።